ከኢሊ እስከ ሴንት አንድሩስ በሩጫ፦ የባሕሩን ሰዓት ይዞ መነሣት

(ስለ ስኮትላንድ የባሕር ዳር ሩጫ ለሯጮች የተደረገ ንግግር በጽሑፍ ሲቀርብ)

እንደምን አመሻችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ኤድንብራ ላይ የተካሄደ ጊዜ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በሆሊሩድ ፓርክ ጭቃ ላይ ሲያሸንፉ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ፓርኩ ውስጥ ካለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ከፎርዝ የባሕር ወሽመጥ ማዶ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ምድር ይታየዋል። ያ ምድር ፋይፍ ይባላል። የዛሬው ጉዳያችን የእሱ ዳርቻ ነው።

ከስኮትላንድ ነገሥታት አንዱ ፋይፍን «ጥለቱ ወርቅ የሆነ የለማኝ ኩታ» ብሎታል ይባላል። መካከሉ ድሃ መሬት፣ ዳሩ ግን በዓሣና በባሕር ንግድ የበለጸጉ ትንንሽ ወደቦች የተደረደሩበት ስለነበረ ነው። ያንን ጥለት ተከትሎ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። ከኪንካርዲን ተነሥቶ ኒውበርግ የሚደርስ ሲሆን ርዝመቱ 117 ማይል፣ ወደ 188 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሙሉውን የሚሮጡት ጥቂቶች ናቸው። ለአንድ ቀን ሩጫ የሚመረጠው ኢስት ኑክ የሚባለው ምሥራቃዊ ማዕዘን ነው፤ «ኑክ» በስኮቶች አነጋገር ጥግ ማለት ነው። ከኢሊ ተነሥታችሁ በሴንት ሞናንስ፣ በፒተንዊም፣ በአንስትራዘር፣ በክሬልና በኪንግስባርንስ አድርጋችሁ ሴንት አንድሩስ ትገባላችሁ። 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከማራቶን ጥቂት ያንሳል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ካርታው ላይ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዳገት ተብሎ የሚጠራ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። «ማራቶንን በ3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ የምጨርስ ሰው ይህንን በ3 ሰዓት እጨርሰዋለሁ» ብሎ የሚነሣ ብዙ ነው። አይጨርሰውም። ለዚያ ሯጭ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት መያዝ ነው የሚያዋጣው። በአስፋልት ላይ በ5 ደቂቃ የሚሮጥ ኪሎ ሜትር በሣር መንገድ ላይ 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ ድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ በሚያልፉበት ቦታ 9 እና 10 ደቂቃ ይደርሳል። ይህ ስሌት የሚያስፈልገው ለክብረ ወሰን አይደለም። ባሕሩ የራሱ ሰዓት ስላለውና በየትኛው ሰዓት የት እንደምትደርሱ ማወቅ ግድ ስለሆነ ነው።

አብዛኞቻችን ባሕር የሌለበት አገር ስላደግን ሙላትና ጉድለትን በትምህርት ቤት እንጂ በዓይናችን አላወቅነውም። ስለዚህ ከሥሩ እንነጋገር። በዚህ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው፤ በዚህ ምክንያት ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ በትክክል አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። 5 ሜትር ማለት የአንድ ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ውኃ ነው። ጠዋት ሰፊ አሸዋ የነበረው ቦታ ከሰዓት በኋላ ማዕበል የሚላተምበት የገደል ግርጌ ይሆናል።

ውኃው ሲሞላ ፍጥነቱ እኩል አይደለም። ዓሣ አጥማጆችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት የአሥራ ሁለተኛ ስሌት አለ፤ ወረቀት ላይ ብትጽፉት ጥሩ ነው። ልዩነቱን ለ12 ታካፍላላችሁ። ከጉድለቱ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ፣ በሁለተኛው 2 እጅ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3፣ 3 እጅ፣ በአምስተኛው 2፣ በስድስተኛው 1 እጅ ይጨምራል። ልዩነቱ 4.8 ሜትር በሆነ ቀን በመጀመሪያው ሰዓት የሚጨምረው 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ «ምንም የለም» ያሰኛል። በሦስተኛው ሰዓት ግን 1 ሜትር ከ20 ይጨምራል፤ በደቂቃ 2 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ የጫማ ገመድ ስታስሩና ብስኩት ስትበሉ 10 ደቂቃ ካለፈ ውኃው በ20 ሳንቲ ሜትር ጨምሯል።

አሁን ወደ ዕቅዱ። በዚህ መንገድ ላይ ሙላት የሚያስቸግርባቸው ቦታዎች በሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው በ5ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ በሴንት ሞናንስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው፤ እዚያ የሙላት ጊዜ ተለዋጭ መንገድ ምልክት ተደርጎበታል፣ በመንደሩ በኩል ዞሮ ለማለፍ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሁለተኛው ከኪንግስባርንስ እስከ ሴንት አንድሩስ ባለው የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ያሉት አጫጭር ቦታዎች ናቸው፤ እነዚህ ግን እንደ መጀመሪያው በቀላሉ አይዞሩም፣ እግርም የሚደክመው እዚያው ነው። ስለዚህ ሰዓቱን የምትቆጥሩት ከመነሻው ሳይሆን ከመጨረሻው ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ነው። ኪንግስባርንስ የምትደርሱበት ሰዓት ከዝቅተኛው ጉድለት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ እንዲውል አድርጉ።

በምሳሌ እንየው። በዚህ ዳርቻ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ጉድለቱ በበጋ ሰዓት ጠዋት 10:00 አካባቢ፣ ሙላቱ 16:00 አካባቢ ይውላል። (ሰዓቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምናገረው። ይህን አደራ፤ በኢትዮጵያ ሰዓት የሚቀጣጠሩ ጓደኛሞች ሰንጠረዡን ሲያነቡ ስድስት ሰዓት መሳሳት ማለት ጉድለቱን ከሙላቱ ጋር መለዋወጥ ማለት ነው።) 9:00 ላይ ከኢሊ ብትነሡ ሴንት ሞናንስን በደረቅ ታልፋላችሁ፣ ደስ ይላችኋል። ክሬል 11:00፣ ኪንግስባርንስ 12:05 ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አስቸጋሪ ክፍል የምትሮጡት ከ12:40 እስከ 14:00፣ ማለትም ውኃው እጅግ በሚፈጥንበት በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ነው። ክፉ ቀን ነው።

በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ግን ጉድለቱ ከሰዓት በኋላ 16:00 አካባቢ ይውላል። 11:00 ላይ ተነሡ። ሴንት ሞናንስ ላይ ውኃው ገና ከፍ ያለ ስለሚሆን በመንደሩ በኩል ዙሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ባሕሩ እየሸሸላችሁ ነው የምትሄዱት። ቢደክማችሁ፣ ቁርጭምጭሚት ቢወለም፣ በእግር ብትጨርሱ እንኳ እያንዳንዱ የምትዘገዩበት ደቂቃ መንገዱን ያሰፋላችኋል። በዚህ ምክንያት ለጀማሪ ቡድን ሁልጊዜ የሚመከረው ግማሽ ጨረቃ ያለችበት ቅዳሜ ነው። እነዚህ ሰዓቶች ግምት ናቸው፤ የዕለቱን ቁርጥ ሰዓት የምታገኙት ከአንስትራዘር ወይም ከሊዝ ወደብ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ የታተመው በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህች አንዲት ሰዓት ነው።

ሰንጠረዡ የሚነግራችሁ ደግሞ የጨረቃንና የፀሐይን ስበት ብቻ ነው። የአየር ግፊት በ1 ሄክቶ ፓስካል ሲወርድ ባሕሩ በ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከባድ ዝቅተኛ ግፊት ባለበት ቀን ይህ ብቻውን 30 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ማዕበሉን ወደ ዳርቻው ይገፋል። እንዲህ ባለ ቀን የመጨረሻውን ክፍል ተዉትና ክሬል ላይ ጨርሱ፤ 17 ኪሎ ሜትርም ሩጫ ነው።

መንገዱን አሁን ከኢሊ ጀምረን እንሂድበት። ከኢሊ በስተ ምዕራብ በገደል ላይ በብረት ሰንሰለት እየተንጠለጠሉ የሚያልፉበት የታወቀ ቦታ አለ፤ ያ የሚኬደው በጉድለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ለሩጫም አይሆንም፤ ለሌላ ቀን ይቆይ። ከወደቡ በስተ ምሥራቅ የመብራት ቤቱንና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንዲት እመቤት ለባሕር መታጠቢያ ልብስ መቀየሪያ ያሠራችውን ግንብ ታልፋላችሁ። ከዚያ የአርድሮስና የኒውዋርክ ግንቦች ፍርስራሽ ይከተላል። መሬቱ ጠባብ የሣርና የአፈር መንገድ ነው። በሰኔና በሐምሌ ዳርና ዳሩን ሳማ ስለሚይዘው አጭር ሱሪ የለበሰ ሰው ያውቀዋል።

ሴንት ሞናንስ ላይ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዳዊት ዳግማዊ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ከውኃው አፍ ላይ ቆሟል። ከመንደሩ ሲወጡ ደግሞ አንድ የነፋስ ወፍጮ ታያላችሁ፤ እህል አይፈጭም ነበር። የባሕር ውኃ እየሳበ ወደ ጨው ማፍያ ቤቶች የሚያደርስ ፓምፕ ነበር፤ ውኃው በአካባቢው በሚወጣ የድንጋይ ከሰል እየፈላ ይተንና ጨው ይቀራል። የማፍያ ቤቶቹ መሠረት ሣር ለብሶ ጉብታ ጉብታ ሆኖ ይታያል፤ በላዩ ላይ አትሩጡ፣ ቅርስ ነው፣ ጉድጓድም አለበት።

ፒተንዊም በሥራ ላይ ያለ የዓሣ ወደብ ነው። መረብ፣ ገመድ፣ የሎብስተር መያዣ ቅርጫት፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ፎርክሊፍት አለ። የወደቡ ጠርዝ መከለያ የለውም፤ ድንጋዩ በዓሣ ውኃና በዘይት ይንሸራተታል። እዚያ በእግር ሂዱ። የሚያጡት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው፤ የሚሠራ ሰው መሐል እየሮጡ መግባት ደግሞ ነውር ነው።

10ኛው ኪሎ ሜትር አንስትራዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የስኮትላንድ ዓሣ ሀብት ሙዚየም እዚህ ይገኛል። ከባሕሩ ላይ የሚታየው ደሴት የሜይ ደሴት ነው፤ በ1636 በከሰል እሳት የሚሠራ የመብራት ግንብ ቆሞበት ነበር። የተጠበሰ ዓሣና ድንች የሚሸጡ ቤቶች ወደቡ ላይ ተደርድረዋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣም፤ ሩጫው መሐል ላይ ግን በፆምም በፍስክም ዘይት የጠገበ ድንች አይበላም፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሆድ ይቆርጣል። ውኃ የምትሞሉት እዚህ ወይም ክሬል ነው። ከክሬል በኋላ እስከ ሴንት አንድሩስ የተረጋገጠ ውኃ እንደሌለ አስባችሁ 1 ሊትር ይዛችሁ ውጡ።

ከአንስትራዘር ጋር ከተያያዘችው ከሴላርዳይክ እስከ ክሬል ያለው 6 ኪሎ ሜትር ከመንገዱ ሁሉ ለሩጫ የሚመቸው ነው። ሣር ነው፣ ሰፊ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ ከኋላ ነው። በመሐሉ የኬይፕሊ ዋሻዎች አሉ፤ ጥንታውያን ክርስቲያኖች መስቀል የቀረጹበት ቀይ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ሩጫ የጀመረ ሰው ወይም ልጆች ይዞ የመጣ ሰው ይህችን ክፍል ብቻ ቢሮጥ ምንም አልቀረበትም።

ክሬል በ1310 ከንጉሥ ሮበርት ብሩስ የከተማነት መብት ያገኘ ነው። ወደቡ ትንሽ ነው፣ ፎቶ የሚነሣበት ነው፤ እንለፈው።

ከክሬል 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ፋይፍ ነስ ትደርሳላችሁ፤ የፋይፍ የምሥራቅ ጫፍ ነው። እዚህ ሁለት ነገር ይለወጣል። እስካሁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትሮጡ የነበረው መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታጠፋል። በስኮትላንድ የሚበዛው ነፋስ የደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከኢሊ የምንነሣው ለዚህ ነው፣ እስከዚህ ድረስ ይገፋችኋል፣ ከዚህ በኋላ ከግራ በኩል ከየብስ ይመጣል። የዕለቱ ትንበያ ሰሜናዊ ነፋስ ካለ ግን መንገዱን ገልብጣችሁ ከሴንት አንድሩስ ተነሡ። በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ከምሥራቅ ቀስ ብሎ የሚነፍስ አየር ከሆነ ደግሞ «ሃር» የሚሉት የባሕር ጭጋግ ይገባል። ውስጥ አገሩ 20 ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ሲወጣ ዳርቻው በ10 ዲግሪ ጭጋግ ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ በሐምሌም ቢሆን ስስ የነፋስ መከላከያ ጃኬት ከቦርሳ አይጠፋም።

ሌላው ጎልፍ ነው። እዚህ አካባቢ መንገዱ በጎልፍ ሜዳ ዳርና መሐል ያልፋል። በስኮትላንድ የ2003 የመሬት ሕግ ሰው በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ በሜዳው አቋርጦ ማለፍ ይችላል፤ ጨዋታ ማወክ ግን አይፈቀድም። ኳስ ሊመታ የቆመ ሰው ስታዩ ቁሙ፣ ይምታ፣ ከዚያ እለፉ። አረንጓዴውን ለስላሳ ምድር አትርገጡ። «ፎር!» የሚል ጩኸት ከሰማችሁ ቁጥር እየቆጠሩ አይደለም፤ ኳስ ወደ እናንተ እየመጣ ነው፣ ጀርባችሁን አዙራችሁ ጭንቅላታችሁን በእጅ ሸፍኑ። ቀና ብላችሁ ኳሱን አትፈልጉ።

ኪንግስባርንስ ላይ ካምቦ የሚባለው ሰፊ አሸዋ አለ። አሸዋ ላይ የሚሮጠው ውኃው በቅርቡ በለቀቀው፣ ጠቆር ባለው ጠንካራ መስመር ላይ ነው። በደረቁ አሸዋ የሚሮጥ ሰው ተረከዙ ስለሚሰምጥ የባት ጅማቱ ይጎተታል፤ የአኪለስ ሕመም ያለበት ሰው በዚህ አሸዋ ይቀጣል። ዳርቻው ወደ ባሕሩ ስለሚያዘነብል ደግሞ የአንድ ወገን ጉልበት ይጫናል። ከአሸዋው ስትወጡ ቆማችሁ ጫማ አራግፉ። ሁለት ደቂቃ ነው። ያላራገፈው ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እግሩ ውኃ ይቋጥራል፤ እርጥብ አሸዋ በካልሲ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። እስከ ኬንሊ ወንዝ አፍ ድረስ መንገዱ ዳርቻውን ይዞ ይሄዳል፤ ጠጠር፣ ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ የሙላት መስመር ላይ የሚያልፍ ነው። ወንዙን ለመሻገር ወደ ውስጥ ወደ ቦርሂልስ አቅጣጫ ይታጠፋል፤ ምልክቱን ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ ወንዙ አፍ የሚሄዱ ሰዎች አሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። በዛፍ ሥር ያለው ይህ ክፍል ጭቃ ነው። ከዚያ እንደገና ወደ ባሕር ወርዶ በነፋስና በውኃ የተቦረቦረው ቡዶ የሚባል ትልቅ አሸዋማ ድንጋይ አጠገብ ያደርሳችኋል። ከቡዶ እስከ ኪንኬል ያለው ደረጃ መውጣት፣ ደረጃ መውረድ፣ ከገደል ግርጌ በድንጋይ ላይ መዝለል ነው። በእሳተ ገሞራ የተሠራው «ቋጥኝና እንዝርት» የሚባለው ድንጋይ በዚህ ውስጥ ይገኛል፤ የድንጋዩ ዓምዶች ከመሐል ወደ ውጭ እንደ ጎማ ጨረር ተዘርግተዋል።

እዚህ የሚወድቀው ሰው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚወድቀው፤ ደክሞታል፣ እግሩን ዝቅ አድርጎ ያነሣል፣ አረንጓዴ የባሕር አረም የያዘ ድንጋይ ይረግጣል። በአረም ላይ የትኛውም የጫማ ላስቲክ አይጨብጥም፤ ውድ የሆነውም። የሚረገጠው ደረቅና ነጣ ያለው፣ ወይም ባርናክል የሚባሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች የያዙት ሻካራ ድንጋይ ነው። ጥርሱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለል ያለ የአገር አቋራጭ ጫማ ለመንገዱ ሁሉ ይበቃል፤ ጥልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጫማ በመንደሮቹ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ያንሸራትታል።

ውኃ መንገዱን ዘግቶ ካገኛችሁት ወደ መጣችሁበት የመጨረሻ ደረጃ ተመለሱ። ወደ ገደሉ መውጣት አይሞከርም፣ ድንጋዩ ይፈረካከሳል። በጉልበት ልክ ውኃ ውስጥ አቋርጦ ለመሮጥም አይሞከርም፤ በክረምት ውኃው 6 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አንድ ማዕበል ደግሞ ሰውን ከድንጋይ ጋር ያላትማል። መመለሻ ከሌለ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ በሉ፤ ፖሊስ ወይም አምቡላንስ አትበሉ፣ በባሕር ዳር የመጀመሪያው ተጠሪ ኮስትጋርድ ነው። ስልኩ ውኃ በማያስገባ ከረጢት፣ ባትሪው ሙሉ፣ አንድ የብልጭልጭ ብርድ ልብስ ከእሱ ጋር። ዳርቻው በማዕበል እየተበላ መንገዱ የሚዘጋበትና የሚዞርበት ጊዜም ስላለ መንገዱን የሚያስተዳድረውን የፋይፍ ኮስት ኤንድ ካንትሪሳይድ ትረስት ማስታወቂያ ዋዜማውን ማየት ነው።

ስለ ምግብ በአጭሩ። ለ5 ሰዓት ሩጫ በሰዓት ከ40 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያዙ። በሶ በጠርሙስ ተበጥብጦ ትንሽ ጨው ከገባበት ጥሩ ነው፤ ቆሎ ግን ሲሮጡ አይታኘክም፣ ትንታ ያመጣል። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ባሕር ወለል ስለወረደ የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር ልጅ ጨዋታ ይመስለዋል። ሳንባው አይዋሽም፤ ጭኑ ግን ድንጋዩን አልለመደም።

የቀኑ ብርሃን በታኅሣሥ ከ8:45 እስከ 15:35 ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያ ወቅት 11:00 ተነሥቶ 16:00 መግባት የሚለው ዕቅድ አይሠራም፣ መንገዱን ግማሽ አድርጉ። በሰኔ እስከ 22:00 ብርሃን አለ።

መጓጓዣው ቀላል ነው። 95 ቁጥር አውቶቡስ መንደሮቹን ከሴንት አንድሩስ ጋር ያገናኛል። መጀመሪያ በአውቶቡስ ወደ ኢሊ ሄዳችሁ ወደ ማረፊያችሁ ሩጡ፤ በተቃራኒው ካደረጋችሁ ላብ በላብ ሆናችሁ በነፋስ ውስጥ ፌርማታ ላይ አንድ ሰዓት መቆም ሊመጣ ይችላል። ሴንት አንድሩስ የባቡር ጣቢያ የላትም፤ ቅርቡ ሉከርስ ነው፣ 99 ቁጥር አውቶቡስ ያደርሳችኋል። ጊዜ ከተረፋችሁ ከከተማው ማዶ ያለውን ዌስት ሳንድስ የሚባለውን አሸዋ እዩ፤ ስለ ኦሊምፒክ ሯጮች የተሠራ አንድ ታዋቂ ፊልም የሩጫ ትዕይንት የተቀረጸበት ነው። ማየት ነው ያልኩት፤ መሮጡን እግራችሁ ይወስን።

ቤት ስትገቡ ጫማውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፤ የባሕር ጨው ከደረቀ ጨርቁን ያሻክረዋል፣ ሌላ ቀን እግር ይልጣል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ነፋስ ባለበት አስቀምጡት። ማሞቂያ ላይ አታድርጉት፤ ማጣበቂያው ይለቃል።